የ1983 240 ዲ ወይስ የ2004 ኢ ክላስ? አንድ የመርሴዲስ ጥያቄ ያስነሳው ሙግት

ጥያቄው ቀላል ነበር። ፍራንክፈርት የሚኖር አንድ ወንድማችን ሁለት መርሴዲስ ቀርበውለታል። አንዱ የ1983 240 ዲ ናፍጣ ነው፤ ጎረቤቱ የሆኑ አዛውንት ጀርመናዊ ከአዲስነቱ ጀምሮ የነዱት። ሌላው የ2004 ኢ ክላስ ናፍጣ ነው፤ የሚሸጠው የመኪና ነጋዴ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የቱን ልግዛ ብሎ በመኪና ገጻችን ላይ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ አራት አምስት መልስ አግኝቶ ነገሩ ያልቅ ነበር። እሱ ግን መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ እውነተኛው መርሴዲስ በ1990ዎቹ ሞቷል፣ ከዚያ ወዲህ የቀረው ኮከቡ ብቻ ነው የሚል። እሳቱ የተነሳው ከዚያ ነው። ክሩ፣ ማለትም በጥያቄው ሥር የተከታተለው የመልስ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ፣ ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው እንዲህ አሳጥሬዋለሁ። ዓመቶቹ፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ ከአንድ ታሪክ ወዳድ መጣ። ትሁት ሰው ነው፤ ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር ፈጅቷል። 240 ዲ ደብልዩ 123 ከሚባለው ቤተሰብ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ በ1976 መጀመሪያ ወጥቶ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ እንደተመረተ፣ ቁጥሩም 2.7 ሚሊዮን ገደማ እንደደረሰ አስረዳ። ሲወጣ ሰሞን ወረፋው ከመርዘሙ የተነሳ፣ ትንሽ የተነዳ 123 በአዲሱ ዋጋ ይሸጥ እንደነበርም ጨመረ። ምክሩ አሮጌውን ግዛ ነው።

2ኛው ፍራንክፈርት ውስጥ ረጅም ዘመን ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ከ1971 ጀምሮ የጀርመን ታክሲ እንዲቀባ የታዘዘውን ያን ነጣ ያለ ክሬም ቀለም ሲያነሳ ናፍቆቱ ያስታውቃል። በሐሳቡ ይስማማል፤ ግን አስጠነቀቀ። 240 ዲ ያለው 72 የፈረስ ጉልበት ነው። አውቶባህን ላይ አቀበት ሲመጣ ከኋላ ያለ የጭነት መኪና መብራት ያበራብሃል። ትዕግሥት ከሌለህ ይቅርብህ ባይ ነው። 3ኛው ለማጽናናት ይመስል 200 ዲን አነሳ። የመጀመሪያዎቹ 200 ዲዎች 55 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስለነበራቸው፣ ከዜሮ ተነስቶ 100 ለመግባት 31 ሰከንድ ይፈጅባቸው ነበር። ከዚያ አንፃር 240 ዲ ፈጣን ነው አለና ወጣ።

4ኛው መልስ ሁሉም የሚያውቀውን የግሪኩን ታክሲ አመጣ። የተሰሎንቄ ባለታክሲ የ1976 240 ዲውን 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ በ2004 ለመርሴዲስ ሙዚየም ያስረከበውን ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ የሚል መንፈስ ነበረው።

5ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው አዲስ አበባ ውስጥ በመካኒክነት የኖረ ሰው ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። የ4ኛው መልስ ጸሐፊ ታሪኩን ግማሽ ላይ እንደቆረጠው ገለጸ። ሲጀመር ያ መኪና 123 አይደለም፤ ከእሱ የቀደመው 115 ነው። ደግሞም ያን ሁሉ ርቀት የሄደው በአንድ ሞተር አይደለም። ባለቤቱ ተጨማሪ ሞተሮች ነበሩት። አንዱ ሲደክም ያወርደዋል፣ ሌላውን ይሰቅላል፣ የወረደውን ያሳድሰዋል። ሙዚየም መግባት የነበረበት ሰውየው ነው እንጂ መኪናው አይደለም ይላል።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። የ240 ዲ ሞተር የቫልቭ ክፍተቱ በየ24 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ገደማ በእጅ መስተካከል አለበት። ክፍተቱ ሲጠብብ ቫልቩ፣ ማለትም አየርና ጭስ የሚያሳልፈው የሞተሩ መዝጊያ፣ በደንብ አይዘጋም። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሞተሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት፣ ይወርዳል። ጠዋት፣ በተለይ በብርድ፣ አልነሳም ይላል። ባለቤቱ ባትሪ ይቀይራል፤ ሞተሪኖ ያሠራል፤ ካንዴሌታ (የናፍጣ ሞተር ማሞቂያ) ይለውጣል። በሽታው ግን እዚያ የለም። ዝም ብሎ ሲነዳ ቫልቩ ይቃጠላል፤ ያኔ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ይመጣል። ጥንቃቄው ግን ሁለት 14 ቁጥር መፍቻና ግማሽ ቀን ነው የሚጠይቀው። እኔን ከጠየቃችሁኝ በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ የሰው ገንዘብ የሚያድነው ይህ አንቀጽ ነው። ሰውየው ቁጡ ነው፤ ሙያው ግን አያጠራጥርም።

6ኛው የመካኒኩ አነጋገር አልተመቸውም። እውቀት ካለህ በትህትና አካፍል የሚል ተግሣጽ ጻፈ። ስለ መኪናው አንድም ቃል የለበትም።

7ኛዋ ሽቱትጋርት የምትኖር እህት ናት፤ ማንም ያላሰበውን አነሳች። ከተማዋ ከ2019 ጀምሮ በአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ ዩሮ 4 እና ከዚያ በታች የሆኑ የናፍጣ መኪኖችን አግዳለች። የ2004ቱ ኢ ክላስ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። 30 ዓመት የሞላውና ይዞታው ደህና የሆነ መኪና ግን የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ ማውጣት ይችላል፤ መጨረሻው ላይ ኤች ፊደል ያለበት ነው። ያ ሰሌዳ ካለህ እገዳው አይመለከትህም። የዓመት ግብሩም ሞተሩ ምንም ያህል ቢሆን 191 ዩሮ ገደማ ላይ ቁርጥ ነው። ማለትም ጥቁር ጭስ የሚተፋው የ1983ቱ መኪና ከተማ ይገባል፤ ማጣሪያ የተገጠመለት የ2004ቱ ውጭ ይቀራል። እሷም ራሷ ነገሩ እንደሚያስቃት ጽፋለች። ፍራንክፈርት የራሷ ደንብ ስላላት ጠያቂው የሰፈሩን አጣርቶ እንዲወስን መከረችው።

ጠያቂው 8ኛ ሆኖ ተመለሰ። አመሰገነ፤ መካኒኩንም ጭምር። መኪናውን ሊያይ ስለሆነ ዝገት የት የት እንደሚፈለግ ጠየቀ።

9ኛው የመካኒኩ ነው፤ ምስጋናው ሳያለዝበው አልቀረም። ከላይ የሚታየው ቀለም እንዳያታልልህ አለው። ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር ጀምር። አሲዱ የሚያንጠባጥበው እዚያ ነው፤ ከበሰበሰ ውሃው ወደ ተሳፋሪው እግር ይወርዳል። ምንጣፉን ገልጠህ ወለሉን በእጅህ ዳስስ። ክሪክ የሚገባባቸውን አራት ቀዳዳዎች ተመልከት። የፊት ፓራፋንጎን ከጎማው በስተኋላ፣ የኋላውን ደግሞ የጎማውን ቅስት ዳር እይ። ፖርቶማጋዮ ውስጥ ስኮርታውን አውጥተህ ከሥሩ ውሃ አቁሮ እንደሆነ አረጋግጥ። ጣሪያው የሚከፈት ዓይነት ከሆነ የውሃ መውረጃ ቱቦዎቹ ይደፈናሉ። ሞተርስ ይታደሳል፣ ካምቢዮም ከተፈታ መኪና ይገኛል፤ አካሉ የበሰበሰ መርሴዲስ ግን መጨረሻ የሌለው ወጪ ነው ሲል ደመደመ። የዝገቱን ጉዳይ ከሞተሩ አስቀድሞ ማየቱ ትክክል ነው። ገዢዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት የተገላቢጦሹን ነው።

10ኛው ወደ መነሻው ሙግት መለሰን። መርሴዲስን የገደለው አሜሪካዊው ክራይስለር ነው ይላል። ሁለቱ በ1998 ሲዋሃዱ የአሜሪካ ሒሳብ ሠራተኞች መጥተው ጥራቱን ቀነሱት የሚል ክስ ነው። ብዙ ሰው አጨበጨበለት።

11ኛው ግን ዓመቶቹን ብቻ ደርድሮ ክሱን አፈረሰው። የመልሱ ባለቤት ስሜት የሚባል ነገር አይታይበትም። በዝገት የታወቀው 210 ኢ ክላስ፣ የፊት ስፕሪንጉ መቀመጫ ሳይቀር የሚበሰብሰው፣ ገበያ የወጣው በ1995 ነው። ክራይስለር የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ። ከዚያም በፊት፣ ከ1993 እስከ 1995 ገደማ በተሠሩ መኪኖች ላይ የሞተሩ ሽቦ ልባስ እየተሰነጣጠቀ ይረግፋል። አካባቢ እንዳይጎዳ ተብሎ የተመረጠ ልባስ ነበር፤ የሞተር ሙቀት ግን አልቻለም። ዋናው ነጥቡ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሽቦ የተገጠመው ሁሉም የመጨረሻው እውነተኛ መርሴዲስ እያለ በሚያወድሰው፣ ከ210 በቀደመው በ124 ላይ ነው። የዋጋ ፉክክሩ የተለወጠው ጃፓኖች በ1989 ሌክሰስ ኤልኤስ 400ን ይዘው ሲመጡ እንደሆነ ያምናል። ጀርመኖቹ ወጪ መቀነስ የጀመሩት ራሳቸው ናቸው፤ የውጭ ሰው አያስፈልጋቸውም ነበር።

በበኩሌ ክሩ እዚህ ላይ ዋጋ አገኘ እላለሁ። መርሴዲስ በዚህ ዓመት ሞተ ማለት ለወሬ ይመቻል እንጂ ለገዢ አይረዳም። አንዱ ሞዴል በሽቦው ይታወቃል፣ አንዱ በዝገቱ፣ አንዱ በፍሬኑ። የሚገዛ ሰው የሚገዛው የተወሰነ ዓመትና የተወሰነ መኪና ነው።

ፍሬኑን ያነሱት 12ኛውና 13ኛው ናቸው። 12ኛው ለ2004ቱ መኪና ለመከራከር ነበር የመጣው። 211፣ ማለትም የ2004ቱ ኢ ክላስ፣ በዝገት ከ210 እጅግ የተሻለ ነው፣ መቀመጫው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው አለ። 13ኛው ወዲያው ገታው። የ2004ቱ ኢ ክላስ ፔዳሉን ስትረግጠው ዘይቱን የሚገፋው እግርህ አይደለም፤ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ኩባንያው በ2004 እና እንደገና በ2005 መኪኖቹን ለጥገና ጠርቷል። በ2006 በተሻሻለው ኢ ክላስ ላይ ይህን ፍሬን ትቶ ወደ ተለመደው ተመልሷል። ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲሞላ፣ ፍሬኑ ደህና እየያዘም ቢሆን፣ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ያኔ መቀየር ነው። 13ኛው ራሱ ከአንድ ነጋዴ የገዛው መኪና፣ ነጋዴው ምንም ሳይነግረው፣ ብዙም ሳይቆይ ይህን ማስጠንቀቂያ እንዳበራበት ተናገረ። ፓምፑ መቀየሩን የሚያሳይ ወረቀት ሳትቀበል እንዳትፈርም አለው። 12ኛው መልሶ አልጻፈም።

14ኛው የሁሉንም ጥርስ ያስከፈተ ነው። አጎቱ አዲስ አበባ ውስጥ 123 ነበራቸው፤ ናፍጣ። አንድ ምሽት ደርሰው ቁልፉን ነቀሉ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው፣ መኪናው ዱግ ዱግ ይላል። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ባትሪውን ንቀሉት የሚል መጣ፤ ነቀሉት፤ አሁንም አልጠፋም። ጠበል ያሰበም አልጠፋም ይላል ተራኪው። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ኮፈኑን ከፍቶ ከፓምፑ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መግፊያ ተጫነ፤ ጸጥ አለ።

ምክንያቱን መካኒኩ በ15ኛው አስረዳ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አይነድም፤ ለማጥፋት ናፍጣውን መከልከል አለብህ። በዚህ መኪና ላይ ቁልፉን ስታጠፋ ናፍጣውን የሚዘጋው በስስ ቱቦዎች የሚመጣ የአየር መሳብ ነው። ይኸው የአየር መሳብ የበሮቹንም ቁልፍ ያንቀሳቅሳል። አንድ በር ውስጥ ያለች ላስቲክ ስትቀደድ አየሩ ያመልጣል፤ ሞተሩም አልጠፋ ይላል። መፍትሔው በጥቂት ብር የሚገዛ ላስቲክ ነው። አጎቴ ግን መኪናውን ሸጡት አለ 14ኛው ተመልሶ።

ከዚህ በኋላ ነገር ነገርን እያነሳ ከመንገዱ ወጣን። 16ኛዋ፣ ወንዶቹ ስለ ባለቤትነት ሲያወሩ የመጀመሪያዋን ሴት ረሱ ብላ ቤርታ ቤንዝን አነሳች። ካርል ቤንዝ ባለሦስት ጎማ መኪናውን በጥር 1886 ማንሃይም ላይ በፓተንት አስመዘገበ፤ ገዢ ግን አልነበረም። በነሐሴ 1888 ሚስቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ እሱ ሳያውቅ፣ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ነዳች፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ። ነዳጅ ያገኘችው ቪስሎኅ ከሚገኝ ፋርማሲ ነው። የተደፈነውን የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣ መርፌዋ ከፈተችው። የፍሬኑ እንጨት ሲበላ ጫማ ሰፊ ቆዳ እንዲመታበት አደረገች። በመርሴዲስ ታሪክ መንገድ ላይ ቆማ የጠገነችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት ስትል መካኒኩ ሳይቀር ተስማማ።

17ኛው ከሃይፋ ነው፤ ስሙ ከየት እንደመጣ ተረከ። ኤሚል ዬሊኔክ የሚባል ኒስ ከተማ የሚኖር ነጋዴ ከዳይምለር የመኪና ፋብሪካ 36 መኪና ያዛል፤ የልጄን የመርሴዲስን ስም ስጡት ይላል። የፋብሪካው መሐንዲስ ማይባኅ የነደፈው ያ መኪና በመጋቢት 1901 ኒስ ላይ ውድድሩን ጠራርጎ አሸነፈ። ሃይፋ ያለው ወንድማችንን የገረመው ግን ሌላ ነው። የኤሚል አባት አዶልፍ ዬሊኔክ የቪየና ስመ ጥር ራቢ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) ነበሩ። የራቢ የልጅ ልጅ ስም በኋላ የናዚ ሹማምንት በተሳፈሩበት መኪና ላይ ተለጥፎ ሲሄድ አስቡት አለ።

18ኛው ከዚያ ተነስቶ ጠነከረ። በ1944 ከኩባንያው 63 ሺህ ከሚበልጡ ሠራተኞች ግማሽ ያህሉ በግዳጅ የመጡ ሰዎች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች እንደነበሩ አስታወሰ። ይህን ኩባንያው ራሱም አይክድም። የጀርመን ጥራት እያልን ስናወድስ ይህንንም አብረን እንናገር ባይ ነው። 19ኛው የመኪና ገጽ ላይ ፖለቲካ አታምጡ ብሎ ቆጣ አለ። 20ኛው፣ ታሪክ ሲጥም ታሪክ፣ ሲመር ፖለቲካ ነው ወይ ብሎ መለሰለት። የተወሰኑ መልሶች ተሰርዘዋል፤ ምን እንደነበረባቸው መገመት አይከብድም። እኔ ከ18ኛው ጋር ነኝ። የፓተንቱን ቀን በቃሉ የሚያውቅ ሰው የ1944ቱን ቢያውቅ አይጎዳውም።

21ኛው ነገሩን ለማብረድ ይመስላል፣ ወደ አገር ቤት ወሰደው። ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የወጡት በመርሴዲስ ነበር አለ። 22ኛው ሳይውል ሳያድር አረመው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው፤ ያውም በትንሿ። መርሴዲስ ቢሆን ኖሮ ያ ቀን እንዲያ አይታወስም ነበር ሲል ጨመረ። በዚህ ላይ የተከራከረ የለም።

23ኛው መኪናውን ወደ አዲስ አበባ መላክ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። መካኒኩ በአንድ መስመር ዘጋው። መንግሥት ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ ሕልሙን ይተው።

24ኛው የጠያቂው ነው። መኪናውን አይቶታል። አዛውንቱ የጥገና ደረሰኙን ሁሉ በአንድ ወፍራም ፋይል አስቀምጠዋል፤ የቫልቩ ሥራ በየጊዜው ተመዝግቧል። ከባትሪው ሥር ትንሽ ዝገት አለ፣ አልበሳም። ወለሉ ደህና ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ይንገዳገዳል። በዚህ ዋጋ አስቀንሶ ቀብድ ከፍሏል።

25ኛው ላይ መካኒኩ የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራ ሰጠው። የበሮቹን ላስቲክ ፈትሽ፤ ሁለቱን የናፍጣ ማጣሪያዎች ቀይር፤ የባትሪውን ሥር ፍቀህ ቀባ፤ ዘይት ለውጥ። 26ኛው ታዲያ የትኛውን ዘይት ብሎ ጠየቀ። 27ኛው አንዱን ጠራ፤ 28ኛው ያንን ያጣጣለው ነው። ማታ ላይ የገጹ ኃላፊ የዘይቱን ክርክር ቆርጦ ለብቻው ከፍቶታል፤ አሁን ከዚህኛው ይረዝማል።